ደረጃ የሌለባት ሮም

እኅቴ ሮምን ልታስጎበኘኝ ይዛኝ ስትወጣ መጀመሪያ ያሳየችኝ ሽንት ቤት ነው።

«ይኼ ካፌ ምንም ባትገዛም ያስገባሃል» አለችኝ። «ያ ማዶ ያለው ግን በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ ያስቸግራል።»

በር ወደ ውስጥ ቢከፈት ማንን እንደሚያስቸግር አልገባኝም። ገና የመጀመሪያው ቀን ስለነበረ ተከተልኳት።

ሮም የሄድኩት ለጉብኝት አልነበረም። እኅቴን ይዤ አሜሪካ፣ ወደምኖርበት ወደ ኮሎምበስ ልመለስ ነበር። የአሜሪካ ዜግነት ባገኘሁ ሰሞን የጀመርኩላት የቪዛ ጉዳይ፣ ሁለታችንም ማንሳቱን ከተውን ከብዙ ጊዜ በኋላ ደረሰ። ቪዛው ፓስፖርቷ ላይ ተለጠፈ። ቪዛው የማብቂያ ቀን አለው። ቀኑ ካለፈ ሁሉም እንደ አዲስ ነው፤ ለሌላ ወረፋ የሚሆን ዕድሜ ደግሞ እሷም እኔም የለንም። ለመመለሻ የሁለት ሰው ቲኬት ቆረጥኩ። እሷም በስልክ፣ «እሺ ና። መጀመሪያ አገሩን ላሳይህ፣ ከዚያ እንሄዳለን» አለች። «እንሄዳለን» ማለቷን በደንብ አስታውሳለሁ። የሰው ቃል እንደወጣ መያዝ የኖርኩበት ሥራ ነው፤ አዲስ አበባ ለጋዜጣ፣ ኮሎምበስ ደግሞ በአማርኛ ለሚተላለፍ ሬዲዮ። ሬዲዮው ስለማያኖር የቀረውን ሰዓት ቫን እነዳለሁ።

እትዬ ነው የምላት። ከደሴ የወጣችው እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። ሮም ጥቂት ቤት ከቀያየረች በኋላ አንዲት መበለት ዘንድ ገባች፤ እዚያው ቀረች። ሴትዮዋ መጀመሪያ በእግራቸው፣ ኋላ በከዘራ፣ ኋላ በዊልቸር የሚሄዱ ሆኑ። ባለፈው ክረምት አረፉ። እትዬ «ሲኞራዬ» ትላቸዋለች። ሲኞራ በጣሊያንኛ እመቤት ማለት ነው፤ «ዬ»ዋ የኛ ናት። ያቺ «ዬ» የፍቅር ትሁን የአገልጋይነት በስልክ አይለይም። «ሲኞራዬ ዛሬ አልበላችም።» «ሲኞራዬ ተቆጣችኝ።» ስንት ዓመት ሰምቼ አንድም ቀን ለይቼው አላውቅም።

ኮሎምበስ ዳር፣ ሂሊያርድ ያለው ቤታችን ውስጥ ክፍል ተዘጋጅቶላታል። ከዚያ ቀደም ዕቃ ማስቀመጫችን ነበር። ባለቤቴ ሳምንት ሙሉ ዎርዝንግተን ካለው ሥራዋ እየተመለሰች ስታስተካክለው፣ ቀለም ስትቀባ፣ መጋረጃ ስትሰቅል ሰነበተች። ክፍሉ ከእናቷ ክፍል ጎን ነው። አማቴን ስትሮክ መቷቸው ከእኛ ጋር ከሆኑ ቆይተዋል። ቀን እኔ አጠገባቸው እሆናለሁ፣ ማታ እሷ። እኔና ሚስቴ ጋራዥ በር ላይ እየተላለፍን፣ ቁልፍ እንደሚቀባበል ፈረቀኛ ነው የምንኖረው። አንድ ቀን መጋረጃውን እየሰቀለች፣ «እትዬ እኮ ልምድ አላት» አለችኝ። በክፋት አልነበረም፤ ደክሟት ነው። እኔም ሰምቼ መሰላሉን ያዝኩላት።

እትዬ የምትኖረው አሁንም ሴትዮዋ ቤት ነው። ወራሹ፣ አንድ የወንድማቸው ልጅ፣ ቤቱ እስኪሸጥ እንድትቆይ ፈቅዶላታል። ሰፋፊዎቹ ክፍሎች ባዷቸውን ናቸው። እሷ የምትተኛው ግን ከወጥ ቤቱ ጎን ባለችው፣ አልጋና አንድ ቁም ሳጥን ብቻ በምትይዝ ክፍል ነው። እኔን ሲኞራዋ አልጋ ላይ አስተኛችኝ። ለምን ሰፊው ክፍል እንዳልገባች ስጠይቃት፣ «አልጋዬ ያለው እዚህ ነዋ» አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ፣ «ደህና ተኝተሃል፤ አንዴም አልተገላበጥክም» አለች። እንዴት እንዳወቀች አልጠየቅሁም።

ጉብኝቱ እንደ ትልቅ ቀጠሮ ነበር። ሻሿን አሥራ፣ ደህና ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ፊት ለፊቷ ይዛ ትወጣለች። ወንዙን በድልድይ ተሻገርን። መንገዱ ኮብልስቶን ሲሆን ወደ ዳር ታወጣኛለች፤ ለስላሳው አስፋልት ሲመጣ ወደ መሃል። ጥላ ያለበትን ወገን ታውቃለች፤ አግዳሚ ወንበር ያለበትን ታውቃለች። ቤተ ክርስቲያኖቹን ስጠቁማት፣ «እሱ መግቢያው ላይ አራት ደረጃ አለው፤ ያኛው በጎን በኩል መወጣጫ አለው» ትለኛለች። ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደተሠራ ስጠይቃት ትከሻዋን ትሰብቃለች።

ጣሪያው መሃል ላይ ትልቅ ክብ ቀዳዳ ወዳለው ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ገባን። ፓንቴዎን ይሉታል። ከቀዳዳው የሚወርደው ብርሃን ግድግዳው ላይ እንደ ሳንቲም ተቀምጧል። እትዬ ቀና ብላ አላየችውም። ወለሉ ላይ በገመድ የታጠረውን ቦታ አሳየችኝ።

«ዝናብ ሲጥል በዚያ በኩል ይገባል። ሲኞራዬ መምጣት የምትወደው ሲዘንብ ነበር። ገመዱ ድረስ አስጠግቼ አቆማታለሁ። ፀጉሯ ላይ ጠብ ሲልባት እንደ ልጅ ትስቃለች።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ጃንጥላ ይዤ እቆጣለሁ። ሳል ቢይዛት ማን ነው የሚያድረው?»

ስንወጣ በር ላይ ሰው የሚተራመስበት አንድ አሮጌ ቡና ቤት አየሁ። እንግባ አልኳት።

«እዚያ አይገባም» አለችኝ።

በሩን ዞሬ አየሁት። አንድ ቀን፣ አንድ ሰው፣ እኅቴን ከዚያ በር መልሷታል ማለት ነው። የመልኳ ነገር፣ የሻሿ ነገር፣ የሠራተኛነቷ ነገር በአንድ ጊዜ ትዝ አለኝ። ማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ የሚለው ጥያቄ አፌ ላይ መጣ።

«ማነው የከለከለሽ?»

«ማን ይከለክለኛል?» ብላ ሳቀችብኝ። «ዊልቸሩ ነዋ! በሩን አታየውም እንዴ ጥበቱን? አይገባም።»

አማርኛችን እንዲህ ነው። «አይገባም» ሲሉት ክልክል መሆኑንም፣ በበር አለመዝለቁንም በአንድ አፍ ይናገራል።

«እትዬ፣ ዊልቸር እኮ የለም።»

ቆመች። ቦርሳዋን የያዙትን ሁለት እጆቿን አየቻቸው። ከዚያ፣ «እሱስ አዎ» አለች። ቡና ቤቱ ግን አልገባንም።

ያኔ ነው ያየሁትን ሁሉ ወደ ኋላ የቆጠርኩት። ሽንት ቤቱ፣ በሩ፣ መወጣጫው። ይህን ሁሉ ዓመት የኖረችባት ሮም ደረጃ የሌለባት ሮም ናት። የታወቀው ሰፊ ደረጃ ሥር ስንደርስ ይኸው ለየልኝ። ቱሪስቱ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ፎቶ ይነሳል።

«ላይ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«ምን ልሠራ?»

«ከተማው ይታያል ይላሉ።»

«ይላሉ።»

«ዕረፍት የለሽም እንዴ? ያኔ አትወጪም?»

«አለኝ እንጂ! ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ። እሑድ ሲኞራዬን ምግብ ቤት ስለምወስዳት የኔ ሐሙስ ነው። ሐሙስ የኛ ሴቶች ፓርክ እንገናኛለን፤ እንቀመጣለን። ሳምንቱን ቆሞ የዋለ ሰው ሐሙስ ደረጃ ይወጣል?»

«አሁን እንውጣ።»

ወደ ላይ አየች። «ጉልበቴን ያመኛል» አለችና ወደ ወንዙ መንገድ ዞረች።

ምሳ የበላነው እሑድ እሑድ ሴትዮዋን ትወስዳቸው የነበረው ቤት ነው። አስተናጋጁ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ እጁን ዘርግቶ ተቀበላት፣ አጽናናት። ወደ ጥጉ ጠረጴዛ መራንና ከወንበሮቹ አንዱን አንስቶ ግድግዳው ላይ አስጠጋ። ዊልቸር የሚገባበትን ቦታ መክፈቱ ነው። ወዲያው ነቃና ደንገጥ ብሎ ወንበሩን መለሰ። እትዬ የተቀመጠችው እዚያ ላይ አይደለም፤ ከጎኑ ነው። የተመለሰው ወንበር ባዶውን ቀረ።

«ምን ትበላለህ? ዓሣ ይሻልሃል። ይኼን አትንካ፣ ይኼንንም አትንካ፣ የአሳማ አለበት።» ምናሌውን ሳታየው ነው የምትናገረው። «እኔ ቤት ካርቦናራ የሚሉትን ፓስታ እሠራለሁ፤ ሕንፃው ሙሉ ነው የሚያደንቀው።»

«እሱስ የአሳማ አይደለም እንዴ?»

«ነው። ወላሂ አንድ ቀን ቀምሼው አላውቅም። በአፍንጫዬ ነው ጨው የምለካው።»

«እጅሽስ?»

«ሎሚ አለ። ሳሙና አለ። አላህ አለ።»

ሳቅን። ከሄድኩ ጀምሮ እንደ ልጅነታችን የሳቅነው ያኔ ነው። ዓሣው መጣ፣ ሙሉውን፣ ከነጭንቅላቱ። እኔ ስለ ኮሎምበስ እያወራሁላት ነበር፤ ስለ በረዶው፣ ስለ ልጄ ትምህርት ቤት፣ ሾርት ኖርዝ የሚባለው ሰፈር ስላሉት ምግብ ቤቶች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይዣት እንደምወጣ። እትዬ እያዳመጠችኝ ሳህኔን ወደ ራሷ ሳበች። ዓሣውን ከፈተች፣ አከርካሪውን በአንድ ስበት አወጣች፣ ጥቃቅኑን እሾህ በጣቷ ጫፍ እየፈተሸች ለቀመች። ይኼ ደስ አለኝ። ከዚያ ግን ሥጋውን በሹካ ጀርባ መጨፍለቅ ጀመረች። ዘይት ጠብ አደረገችበት። በማንኪያ ጫፍ ጥቂት ወሰደች፣ እፍ አለችበት፣ ከንፈሯን አስነክታ ሙቀቱን ለካች፤ ሌላኛውን እጇን አገጬ ሥር ይዛ ወደ አፌ አመጣችው።

ጉርሻ አልነበረም። ጉርሻ አውቃለሁ፤ ያጎረሰችኝ እጅ ይኸው እጅ ነው። ጉርሻ አፍ ይሞላል፣ ያንቃል፣ ያስቃል። ይኼ የጣት ጥፍር የምታክል ነበረች። እንዳያንቅ የተለካች፣ መዋጥ ለሚያቅተው ሰው የምትሰጥ።

አፌን አልከፈትኩም። ማንኪያው አየር ላይ ቆየ። እትዬ ማንኪያውን አየች፣ ሸበቶ ፂሜን አየች። ቀስ ብላ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው።

«ልክፍት ነው» አለች።

በዚያው ሰዓት ስልኬ ጠራ። ኮሎምበስ ገና ጠዋት ነው፤ ባለቤቴ እናቷ ከመንቃታቸው በፊት በቪዲዮ መደወሏ ነው። ስልኩን ለእትዬ ሰጠኋት።

«እትዬዋ! በላችሁ? ደረጃ በደረጃ አዞርሽው አይደል ከተማውን?»

«ደረጃስ አልወጣንም» አለች እትዬ።

«ነይ ክፍልሽን ላሳይሽ!» ስልኩን ይዛ ወረደች። «ይኸው አልጋሽ። መጋረጃውን ልጅቷ ናት የመረጠችው።»

ልጄ በካሜራው ፊት ብቅ አለች። «ሃይ አንቲ! ዱ ዩ ላይክ ኢት?»

«ምን አለች?»

«ወደድሽው ወይ ነው» አልኳት።

«ቆንጆ ነው የኔ እናት። በጣም ቆንጆ ነው።» ከዚያ ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠጋች። «ያቺ ኮመዲኖው ላይ ያለችው ነጯ ምንድን ናት?»

ባለቤቴ ስልኩን ከኮመዲኖው ዞር አደረገችው። «እሷ... ሞኒተር ናት። የእማዬ ድምፅ እንዲሰማ። ለጊዜው ነው እዚያ ያስቀመጥናት፣ አነሳታለሁ።»

«አይ፣ ተያት። አውቃታለሁ። የኔ ጥቁር ነው፤ ራስጌዬ አለ።»

ስልኩ ሲዘጋ እትዬ እጇን በናፕኪን ጠረገች፤ ከዚያ ትጠይቀኝ ጀመር።

«አማትህ ግራ ናቸው ቀኝ?»

«ቀኝ። ቀኝ እጅና እግራቸው።»

«ሲውጡ ትን ይላቸዋል?»

«አልፎ አልፎ።»

«ማነው የሚያገላብጣቸው?»

«ቀን እኔ፣ ማታ እሷ።»

«ክብደት አላቸው?»

«ከበድ ይላሉ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ለማሽሞንሞን ይሞክር ይሆናል። እኔ የተጠየቅሁትን መለስኩ። ጥያቄዎቿ ቅደም ተከተል አላቸው፤ አንዱ ሌላውን እየጠራ ነው የሚሄደው። የዘመድ ደህንነት እንዲህ አይጠየቅም። አንድ ሥራ ይበጅ አይበጅ እንደሆነ ሊያውቅ የሚፈልግ ሰው የሚጠይቀው ነው።

«እትዬ፣ ልትሠሪ አይደለም እኮ የምትመጪው።»

«እሺ። ታዲያ ምን ልሆን ነው?»

«ልታርፊ።»

«የት?»

«ቤታችን።»

«ነጯ ጎን?» አለችና ሳቀች። አሁን ግን ብቻዋን ነው የሳቀችው። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። እውነቱን ትነግረኛለህ፣ አንተ ስትዋሽ አምሮብህ አያውቅም። እናንተ ቤት ሐሙስ አለ?»

«ሐሙስ የሌለበት አገር አለ እንዴ?»

«አትቀልድ። ሲኞራዬ ስትቆጣም፣ ስትታመምም፣ ሐሙስ ከሰዓት የኔ ነው። ጫማዬን አደርጋለሁ፣ እወጣለሁ። አንድ ቀን እሷ እያለቀሰች ወጥቻለሁ። ሌላ ሰው ይመጣል። ዘመድ ቤት ግን ሐሙስ የለም። ሐሙስ ነው ብዬ ጫማዬን ባደርግ ሚስትህ ምን ትለኛለች?»

«ምንም አትልሽም።»

«አዎ። ምንም አትለኝም። ታየኛለች።»

ያለችው ልክ ነበር። የሚስቴን ዓይን አውቀዋለሁ፤ የደከመ ሰው ዓይን ነው፤ ቁጣ እንኳ የለበትም።

«ሐሙስን እኔ እሰጥሻለሁ» አልኩ።

«እሱማ ስጦታ ነው» አለች። «ትሰጠኛለህ፣ እኔም አመሰግናለሁ፣ አንድ ቀን ደግሞ ዛሬ ይቅርብሽ ትለኛለህ፤ አውቶብስ ቀረ፣ በረዶ ጣለ። የኔ ሐሙስ ስጦታ አይደለም።»

አስተናጋጁ ዓሣው አልጣመንም ወይ ብሎ ጠየቀ። ጥሟል አለችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እኛ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት አሮጊት እንዳሉ ነገረችኝ። እሳቸው ዘንድ እንድትሠራ ሲኞራዋ በሞቱ ሳምንት ነው የጠየቋት።

«ምን አልሻቸው?»

«ወንድሜ ይምጣ፣ ልጠይቀው አልኩ። ይኸው ጠየቅኩህ።»

ለማሳመን የምለው አላጣሁም ነበር። የማብቂያ ቀኑን፣ የጠበቅነውን ዓመት፣ አትለያዩ የሚለውን የእናታችንን ኑዛዜ ማንሳት እችል ነበር። ግን ይዤላት የሄድኩት ነገር ምን እንደሆነ ከአፌ ሰምታዋለች፤ በስልክም አይታዋለች። ያው አልጋ፣ ከያው በር ጎን። ልዩነቱ የኛኛው መጋረጃ አዲስ መሆኑ ብቻ ነው። የተጨፈለቀውን ዓሣ እንደቀዘቀዘ በማንኪያ በላሁት።

በአውሮፕላኑ ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶውን መጣ። ካፖርቴን አስቀመጥኩበት።

ባለቤቴ የጠበቀችን ጋራዥ በር ላይ ነው። መጀመሪያ ከኋላዬ አየች፣ ከዚያ መኪናው ውስጥ አየች። «የታለች?» አለችኝ። የሆነውን በቅደም ተከተል ነገርኳት፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ስለ ሐሙስም ነገርኳት። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። «የሥራ ሰዓቴ ደርሷል» ብላ ቁልፉን ከእጄ ወሰደች። ልጄ፣ «ኢዝ ሺ ካሚንግ ሌተር?» ብላ ኋላ ትመጣ እንደሆነ ጠየቀችኝ። «ኖ» አልኳት። 

የቪዛው ቀን አለፈ። እትዬ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። አሁን የምትደውለው ሐሙስ ሐሙስ ነው። አዲሲቷን ሴትዮ ስታነሳ «ሲኞራዋ» ነው የምትለው፤ «ዬ» የለበትም።

በቅርቡ አንድ ሐሙስ ፎቶ ላከችልኝ። የዚያ ሰፊ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆማለች፤ ሻሿን ነፋስ ወስዶባታል፤ ከኋላዋ ከተማው ይታያል። ሥሩ፣ «ያልከው ላይ ወጣሁ። ጣራ ብቻ ነው» ብላ ጽፋለች።

ማታ ለባለቤቴ አሳየኋት። ስልኩን ይዛ ብዙ አየችው። ፎቶውን በጣቷ አስፍታ የእትዬን ፊት አየች፣ ጫማዋን አየች።

«የኔስ ሐሙስ መቼ ነው?» አለችኝ።

ነጯ ሞኒተር አሁን ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው ያለችው። እሷ ስትናገር መብራቷ ብልጭ አለ፤ አማቴ አቃሰቱ። ሁለታችንም ዞር ብለን አየናት። ማን እንደሚነሳ ወንበራችን ላይ ሆነን ጠበቅን።